የቤተ ሰብ ገጽ፤ የፒክአፕን ድምፅ በጥቂት ገንዘብ ስለ ማወፈር

አንድ የተከበሩ አባት ከሐሙሲት በጻፉልን ደብዳቤ፥ ቤታቸው በአንዲት ኦቶሞቢል ምክንያት ለኹለት መከፈሉን ገልጠውልናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከፎገራ ሩዝ እየጫነች ወደ ባሕር ዳር የምትመላለስ በናፍጣ የምትሄድ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ አለቻቸው፤ የሚነዳትም የበኵር ልጃቸው ነው። ልጁ የፒክአፒቱ ድምፅ ቀጠነብኝ፥ እንደ ትልቅ ካሚዮን ወፍሮ ይሰማልኝ ይላል፤ ገንዘቡ ግን ጥቂት ነው። አንድ ሠራተኛም ማርሚታውን ጨርሶ ቈርጦ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ ሊበይድለት በርካሽ ዋጋ ተስማምቶለታል። እመቤቲቱ ደግሞ አራስ ልጃቸው በቤት ተኝታለችና ይህ ነገር ከግቢያችን እንዳይገባ ብለው ቈርጠዋል። አባትየውም «ከኹለቱ ማንኛቸውን ላስቀይም?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ማንንም ማስቀየም የሚያስፈልግ አይመስለንም። ልጅዎ የሚመኘው ወፍራም ድምፅ ነው፤ ሠራተኛው የሚሸጥለት ግን ጩኸት ነው፤ እነዚህም ኹለቱ እጅግ የተለያዩ ናቸው።

ስለ ምኞቱ ልጁን አንነቅፈውም። በቀድሞው ዘመን የታላላቅ መኳንንት አመጣጥ በነጋሪትና በእምቢልታ ይታወቅ እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ኹሉ ያውቃሉ፤ የዛሬ ጐልማሳም ከመንገድ ሲገባ እንዲሰማ ቢወድ ባዕድ ጠባይ አላመጣም። ዳሩ ግን ነጋሪት የተከበረው ስለ ጮኸ ብቻ አይደለም፤ ጣሳም ቢመቱት ይጮኻል።

ድምፅ የሚወፍርበትን ምክንያት ከራሳችን መሣሪያዎች መረዳት ይቻላል። ረዥሙ እምቢልታ ከዐጭሩ ይልቅ ወፍሮ ይሰማል፤ የበገናም ዐሥሩ አውታሮች ረዥሞችና ወፍራሞች በመሆናቸው ከክራር ይልቅ ዝቅ ብለው ይናገራሉ። የሞተርም ነገር ከዚህ አይርቅም። ባለ 4 ሲሊንደር የሆነው ሞተር በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር በየሰኮንዱ 27 ጊዜ ያኽል፥ 2,400 ጊዜ ሲዞር ደግሞ 80 ጊዜ ጢሱን ይተፋል። ይህ ምት ራሱ ወፍራም ድምፅ ነው። ጆሮን የሚወጋው በዚህ ላይ የሚደረበው የቀጫጭኑ ድምፅ ብዛት ነው። ስለዚህ ድምፅን ማወፈር ማለት ወፍራሙን መጨመር ሳይሆን ቀጭኑን መቀነስ መሆኑ ነው። ማርሚታው ተቈርጦ የተጣለ እንደ ሆነ ወፍራሙም ቀጭኑም አንድነት ይለቀቃሉ፤ በሐሙሲት መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰው እንዲህ ያለውን ከሩቅ ሳይሰማ አልቀረም።

እንግዲህ በጥቂት ገንዘብ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። ከውራጅ ብረት ነጋዴ ዘንድ ውስጡ የተበላሸ፥ ላሜራው ግን ያልበሰበሰ ከፒክአፕ ከፍ ያለ የኦቶሞቢል ማርሚታ ይገዛል፤ ርዝመቱ ከ50 ሳንቲ ሜትር ባያንስ መልካም ነው። አንደኛው ወገን ተከፍቶ በውስጡ ያሉት ክፍሎች ይወጣሉ። በመካከሉም የምስር ፍሬ በሚያኽሉ ቀዳዳዎች ዙሪያውን የተበሳ ቀጥተኛ ቱቦ ይገባል። የዚህም ቱቦ ስፋት፥ የቀድሞው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንደ ሆነ፥ ከ6 ባይበልጥ ይሻላል፤ እጅግ የሰፋ ቱቦ ጢሱን ያዘገየዋልና። በቱቦው ላይ መጀመሪያ የማይዝግ የድስት ማጠቢያ ሽቦ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በላይ ከመስታወት የተፈተለው ጥጥ መሰል ነገር ሳይጠቀጠቅም ሳይላላም ይሞላና ተመልሶ ይበየዳል። ይህ ጥጥ መሰል ነገር ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ይውጠዋል፤ ሽቦው ደግሞ የጢሱ ግፊት ጥጡን ነቅሎ እንዳይወስደው ይጠብቀዋል። እመቤቲቱ ሽቦው ከማጀት የጠፋ እንደ ሆነ ሌባው ማን እንደ ሆነ ያውቃሉ። እውነተኛውን የሚለበስ ጥጥ ግን ማንም አይሙላበት፥ ይነዳል። የመስታወቱንም ጥጥ የሚነካ ሰው አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ቆዳንም ያሳክካል።

የዚህን ሥራ ጉድለት ልንሰውር አንወድም። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ጥቁር ጢስ ያበዛል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያኽል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ በዚያ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ ናፍጣውም በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል። ጥላሸቱ ቀስ በቀስ ጥጡን ይደፍነዋል፥ ድምፁም ይለወጣል። ስለዚህ ማርሚታው በኋላ ተከፍቶ ጥጡ እንዲለወጥ መጀመሪያውኑ አንደኛው ጫፍ በብሎን የሚታሰር ሆኖ ቢሠራ ደግ ነው። ጢስ ማጣሪያ ያለበት አዲስ ኦቶሞቢል ያላቸው ግን ይህን ሥራ አይሞክሩት።

ስለ ብየዳውም ኹለት ነገር እናሳስባለን። ሠራተኛው ከመበየዱ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል፥ የናፍጣውም መስመር ከእሳቱ ይራቅ። ደግሞ ርካሽ ነው ተብሎ ዚንክ የተለበጠ የውሃ ቱቦ እንዳይበየድ፤ ከርሱ የሚወጣው ነጭ ጢስ የበያጁን ሰውነት ያንኑ ማታ በትኵሳት ያንቀጠቅጠዋል። ወጣቱ በያጅም የሰው ልጅ ነው።

ከኹሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የቱቦው መጨረሻ ነው። አንዳንዶች ድምፁ ይጐላ ዘንድ ቱቦውን ዐሳጥረው ከመቀመጫው ወይም ከጭነቱ ሥር ያስቀሩታል፤ ሌሎችም ማርሚታውን በምስማር ይበሱታል። ከሞተር ጢስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፤ ወደ ደም ገብቶ ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ይከለክላል። መጀመሪያ ራስን ያሳምማል፥ ያቅለሸልሻል፥ ከዚያ እንቅልፍ ያመጣል። ከናፍጣ ሞተር የሚወጣው ከቤንዚኑ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም በታፈነ ስፍራ አይታመንም። አሁን ያ ቤተ ሰብ ነሐሴ 13 ቀን ለደብረ ታቦር በዓል ሲወጣ ይታሰብ። ዝናብ ነው፥ መስኮቱ ተዘግቷል፥ ልጆቹም ከኋላ በሸራ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ኦቶሞቢል ሲሮጥ በስተኋላው ያለው አየር ይሳሳና ጢሱን መልሶ ወደ ሸራው ውስጥ ይስበዋል። ሕፃናቱ የተኙ ይመስላቸዋል እንጂ ወላጆቹ ሌላ አይጠረጥሩም። ስለዚህ ቱቦው ከጭነቱ ሳጥን መጨረሻ አልፎ ወደ ጐን ይውጣ፤ በሸራ ተሸፍኖም ልጅ ከኋላ አይጫን። ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ ሳይግል መጋጠሚያው ኹሉ በሳሙና ውሃ ይቀባ፥ አረፋ የነፋበት ቦታ ያፈስሳልና እንደ ገና ይበየድ።

ስለ ጎረቤት መብት ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መጠን በደረጃ እንዲወሰን ማዘዙን ባለ ሥልጣኖች አንባቢዎቻችን አይዘነጉትም። ለዓመታዊው ምርመራ ቀርቦ ቦሎ የሚቀበል ሰው ማርሚታ የሌለበትን ኦቶሞቢል ይዞ ቢሄድ ምን እንደሚባል ልጅዎ ራሱ ያውቀዋል። አራሲቱ እስክትነሣም ፒክአፒቱ ሌሊት ከግቢ ውጭ ብታድር እናቱን ደስ ያሰኛል፤ ይህንም እርስዎ ሳይሆኑ ልጁ ራሱ ቢያቀርበው የተሻለ ነው።

በደብዳቤዎ ግርጌ ስለሚያብረቀርቀው የቱቦ ጫፍ ጠይቀውናል። ይህ ጫፍ ለዐይን ነው፤ የድምፁን ውፍረት እምብዛም አይለውጠውም። ከላይ የተነገረው ሥራ ተፈጽሞ ገንዘብ የተረፈ እንደ ሆነ ይግዛው፤ ካልተረፈም መጀመሪያ ቱቦውን የሚያንጠለጥሉትን የተበጣጠሱ ጎማዎች ይለውጥ፤ ከሐሙሲት በሚወጣው የገጠር መንገድ ላይ ቱቦ የሚወድቀው በነዚህ መበጠስ ነውና።