«መጋዙ ይጣል» ለሚሉ ወገኖች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትማችን ስለ ጋራ መጋዛችን የወጣውን ጽሑፍ ሁላችሁም አንብባችኋል፤ ያላነበበም ሲነበብ ሰምቷል። ጸሐፊው ወንድማችን የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ የሞተር መጋዙ በዚህ በጋ ብቻ አራት ጊዜ ተጠገነ፤ አራት ጊዜም ሞተ፤ ስለዚህ ለቁራሌው ተሽጦ በአዲስ መዋጮ አዲስ ይገዛ። ቁጣቸው ትክክል ነው። መደምደሚያቸው ግን ስሕተት ነው፤ ነገ የምንገዛውን አዲሱን መጋዝ ጭምር ከወዲሁ የሚገድል ስሕተት ነው። ብዕሬን ያነሣሁት ይህንን ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ እንደ ቀላል አይታይ። ይህ መጋዝ ሲገዛ ከራሽናቸው ዱቄት ሸጠው ያዋጡ እናቶች አሉ። መቁረጥ በተፈቀደልን ቦታ የሚቆርጠው ማገዶ ጉልበት ለሌላቸው ሽማግሌዎችና ለአራሶች ይከፋፈላል፤ የሚያወጣው ቋሚና ማገር የልጆቻችን መማሪያ ዳስ የሚቆምበት ነው። የቦረና ሰዎች ጋና የሚሉት ዋናው ዝናብ ደግሞ በመጋቢት ይገባል፤ ዳሱም ገና ጣራ የለውም። ከሁሉ የሚከፋው ግን መጋዙ የሚሞትበት ሰዓት ነው። የሚሞተው ግራሩ እስከ ወገቡ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወጣቶቻችን ግማሹ ተቆርጦ በቆመ ግንድ ሥር ሆነው የማስነሻውን ገመድ ይጎትታሉ። ግንዱ የሚወድቅበትን ደቂቃ የሚመርጠው ነፋሱ ነው። ሰው ሳይጎዳ እዚህ መድረሳችን የፈጣሪ ቸርነት እንጂ የኮሚቴያችን ብልሃት አይደለም።

እስቲ አራቱን ጥገናዎች እንቁጠራቸው። በመጀመሪያው ካንዴላ ተቀየረ። በሁለተኛው ካንዴላና የቤንዚን ፊልትሮ ተቀየሩ። በሦስተኛው ካርቡራተሩ ተፈትቶ ታጠበ፤ ካንዴላም ተቀየረ። በአራተኛው እንደገና ካንዴላ! በየጊዜው መጋዙ በጁዋ ካሊው በር ላይ ሞቅ ብሎ ጮኸ፤ አጨበጨብን፤ ሽልንግ ከፈልን፤ በሦስተኛው ቀን ጫካ ውስጥ ሞተ። እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ተማሪ አንድን ስሌት አራት ጊዜ በአንድ ዓይነት ስሕተት ከሠራ እርሳሱን መቀየር አይረዳውም። የት ላይ እንደሚስት ማየት የመምህሩ ግዴታ ነው። እኛ ግን አራት ጊዜ እርሳስ ቀየርን።

አንዳንዶች ጣታቸውን በጠጋኙ ልጅ ላይ ይቀስራሉ። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ልጁን ያልነው «አስነሣልን» ነው፤ እሱም አስነሣ። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚጠፋ፣ ሲጠፋ ድምፁ ምን እንደሚመስል፣ ምን ዓይነት ቤንዚን እንደምናጠጣው የነገረው አለ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። ሲግል የሚታመምን ሞተር በቀዝቃዛው ለአምስት ደቂቃ አስጩኾ «ዳነ» ማለትም የሚያተኩሰውን ሰው ትኩሳቱ ሲተወው ብቻ እያዩ ጤነኛ ነው እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። የዚህ ዓይነቱ ትንሽ ሞተር ለመሥራት የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ቤንዚን፣ አየር፣ እሳትና እመቃ። አንዱ ከጎደለ ይሞታል። የትኛው እንደጎደለ ለማወቅ ደግሞ አንድም ሽልንግ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ሥርዓት ነው።

መጋዙ እንደጠፋ የቤንዚኑን ክዳን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። አየር «እስስ» ብሎ ወደ ውስጥ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ፣ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። ቤንዚኑ በወጣበት ቦታ አየር ስለማይገባ ካርቡራተሩ በጥም ይሞታል ማለት ነው። ክዳኑ ለውጥ ካላመጣ፣ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ ካንዴላውን ፍቱት፤ ቤንዚን ካለበት ራቅ አድርጋችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክታችሁ ገመዱን ሳቡ። በትኩሱ እሳት የማይሰጥ፣ ሲበርድ ግን የሚሰጥ ከሆነ የታመመው ቦቢናው ነው፤ መቶ ካንዴላ ቢቀየር አያድነውም። ቀጥሎ ካንዴላውን መልሳችሁ አጥብቁና ሞተሩን ሳታስነሡ መጋዙን በማስነሻ ገመዱ እጀታ አንጠልጥሉት። በዝግታ እየተንሸራተተ ከወረደ እመቃ አለ፤ እንደ ድንጋይ ዱብ ካለ ፒስቶኑና ፋሻው አልቀዋል። ማርሚታውን ፈትታችሁም በጭስ መውጫው ቀዳዳ ፒስቶኑን ማየት ይቻላል፤ ጎኑ ለስላሳ ከሆነ ደኅና ነው፤ ተፋፍቆ ከታየ ግን ሞተሩ በሙቀት ተጎድቷል። ጉልበቱ ብቻ የደከመ እንደሆነ ደግሞ የአየር ፊልትሮውንና ጥላሸት የሚሞላውን የማርሚታ ወንፊት ተመልከቱ።

ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በአራት ጥገና አልተሠራም።

ጸሐፊው ወንድማችን «ምን ማስረጃ አለህ?» ይሉኝ ይሆናል። አለኝ። ተፈትተው የተጣሉት አራት ካንዴላዎች በኮሚቴው የዕቃ ሣጥን ውስጥ አሉ፤ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። አራቱም ጫፋቸው እንደ አመድ ነጥቷል። በደኅና የሚሠራ ሞተር ካንዴላ የቀላ ቡናማ መልክ አለው፤ ዘይት ወይም ቤንዚን የበዛበት ጥቁርና እርጥብ ይሆናል፤ ነጭ የሚሆነው ቤንዚን አንሶት አየር የበዛበት፣ ከልክ በላይ የጋለ ሞተር ነው። እኛ እንደ ቆሻሻ የወረወርናቸው ካንዴላዎች አራት ምስክሮች ነበሩ። አራቱም አንድ ቃል ተናገሩ፤ የሰማቸው ግን የለም።

ቤንዚኑ ለምን አነሰው? አንዱ ምክንያት ከቦታችን ይነሣል። መጋዙ የተገዛውም ካርቡራተሩ የተስተካከለውም አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስትሆን ሞያሌ 1,100 ሜትር ገደማ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ባለሙያው ቤንዚኑን ቀነስ አድርጎ ያስተካክላል። ያው መጋዝ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን በደጋው ልክ እንደተቆነጠጠ ይቀራል። ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበት ያጣል፣ ይጠፋል፤ ሲበርድ ይነሣል፤ እንደገናም ይጠፋል። የኛ መጋዝ ጠባይ ከዚህ በምን ይለያል? ካርቡራተሩ በታጠበ ጊዜ እንኳ ብሎኖቹ በደጋው ልክ ነው የተመለሱት።

መድኃኒቱ አንድ ካቻቢቴ ነው። የከፍተኛውን ፍጥነት ብሎን በጥቂት በጥቂቱ መክፈት ነው፤ ባዶውን ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ትንሽ እስኪንተባተብ፣ እንጨት ሲነክስ ግን ድምፁ እስኪጠራ ድረስ። ብሎኑን እየከፈታችሁት ለውጥ ከሌለ፣ ሚኒሞውም በራሱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ አየር በሌላ መንገድ እየገባ ነው፤ ያኔ ፓራዮሊው፣ ጓርኒሲዮኑና የጎማ ቱቦዎቹ ይመርመሩ። ልብ በሉ፦ እዚህ ላይ ስንደርስ ብቻ ነው ዕቃ ስለ መግዛት መነጋገር ያለብን።

ሁለተኛው ጥፋት ያለው በጠርሙሱ ላይ ነው። ቤንዚናችን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ይገዛል፤ ዘይቱ በዓይን ግምት ይጨመራል፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ይቀላቅለዋል። ቅልቅሉ 50 ለ1 ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሊትር ጀሪካን 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ይገባል፤ 25 ለ1 ከሆነ እጥፉ ነው። የትኛው እንደሚያስፈልግ በመጋዙ መመሪያና በዘይቱ ዕቃ ላይ ተጽፏል። ዘይት ያነሰው ፒስቶኑን ይፍቃል፤ የበዛበት ጥላሸት ይሞላል። ከወር በላይ የተቀመጠ ቅልቅልም ይበላሻል። ግምት ለወጥ ጨው ይሆናል፤ ለሞተር አይሆንም።

«አዲስ ይገዛ» ለሚሉት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ አዲሱ መጋዝ የሚጠጣው ከየትኛው ጠርሙስ ነው? የሚሠራውስ በየትኛው አየር ነው? ያው ጠርሙስ፣ ያው ቆላ፣ ያው መዝገብ የሌለው ኮሚቴ ከጠበቀው፣ ከአንድ በጋ በኋላ እሱንም «የማይረባ» ብለን ለቁራሌው እንሰጠዋለን። እናቶች ደግሞ ዳግመኛ ዱቄታቸውን ይሸጣሉ።

ይህ በሽታ በመጋዝ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በዙሪያችን ያለውን ቁጥቋጦ ተመልከቱ። የቦረና ከብት አርቢዎች ግጦሹን ከቁጥቋጦ የሚጠብቁት በየወቅቱ በሚለኩሱት እሳት ነበር። በኢትዮጵያ በኩል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማቃጠል በመንግሥት ተከለከለ፤ ቁጥቋጦውም ሣሩን እየዋጠ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰው ይቆርጣል፤ ብዙው ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ግንዱን ሲቆርጡት ሥሩ ይስቃል። ካንዴላ መቀየርም እንዲሁ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ማየት ምን እንደሚያፈራ የመጋዙ ሰንሰለት ራሱ ይመሰክራል። ጆሴፍ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ፣ የዘመኑ ሰንሰለት ቶሎ እየደነዘዘ ቢያስቸግረው፣ እንጨት የሚበላ የጥንዚዛ ትል ቁጭ ብሎ ተመለከተ። ትሉ በመንጋጋዎቹ ግራና ቀኝ እያለ እንጨቱን ሲፈለፍል አይቶ ያንኑ በብረት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1947ም ሰንሰለቱን እያመረተ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ በየአገሩ ያለው የመጋዝ ሰንሰለት የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ሰውየው ሰንሰለቱን ከመቀየሩ በፊት ትሉን አየ።

በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን «ጥገናዊ» የሚለው ቃል ስድብ ነበር ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለስደተኛ ጥገና ክብር ነው፤ ሌላ ሀብት የለንምና። የሚነቀፈው ሳይመረምሩ መጠገን ነው። ለወንድማችንም አንድ ነገር እሰጣለሁ፦ ተመርምሮ ፒስቶኑ የተፋፋቀ፣ እመቃውም የጠፋ ሆኖ ከተገኘ፣ የሚጠይቀው ወጪም የአዲሱን ዋጋ የሚጠጋ ከሆነ፣ ያን ጊዜ «ይጣል» ከሚሉት ጎን እቆማለሁ። ፍርዱ ግን ከምርመራው በኋላ ይሁን።

ስለዚህ ለሚመጣው የኮሚቴ ስብሰባ አራት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለመጋዙ አንድ ደብተር ይከፈት፤ መቼ፣ ከስንት ደቂቃ ሥራ በኋላ፣ እንዴት እንደጠፋና ምን እንደተደረገለት ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ቤንዚኑን የሚቀላቅል አንድ ኃላፊና አንድ የታወቀ መስፈሪያ ይኑር። ሦስተኛ፣ ከጥገና በኋላ መጋዙ መሬት ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ ግማሽ ሰዓት ሳይሠራ ለጠጋኙ ሙሉ ክፍያ አይከፈል፤ ይህም አስቀድሞ ይነገረው። አራተኛ፣ የተፈታ ዕቃ አይጣል፤ ይታይ፣ ይጠየቅ። እስከዚያው ድረስ ማንም ወጣት በዚህ መጋዝ የቆመ ዛፍ እንዳይቆርጥ ይከልከል።

ወንድማችን መልስ ካላቸው በሚቀጥለው እትም ይጻፉ፤ በደስታ አነባለሁ። ከመጻፋቸው በፊት ግን የዕቃ ሣጥኑን ከፍተው አራቱን ካንዴላዎች ይዩ።