የሁለት ሳምንቱ ሕክምና በማን ኃላፊነት?

ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ቦሌ ኤርፖርት ላይ አንድ ዓይነት ካኔቴራ የለበሱ፣ ካርቶን የተቆለለበት ጋሪ የሚገፉ እንግዶች ይበዛሉ። ከአሜሪካ፣ ከኮሪያና ከአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የተነሱ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ተማሪዎችና ጡረተኞች ናቸው። በዋሽንግተንና በዳላስ የሚኖሩ የእኛው ሰዎችም አብረዋቸው ይመጣሉ፤ አንዳንዴም ቡድኑን የሚመሩት እነሱ ናቸው። ዕረፍታቸውን ትተው፣ ትኬቱን ከኪሳቸው ወይም ከምእመናን መዋጮ ገዝተው መምጣታቸው የሚከበር ነው። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቡድኑ ለሁለት ሳምንት አክሞ ተሸኝቶ ከሄደ በኋላ በሽተኛው የማን ነው?

ቀዶ ሕክምና በስፌት አያልቅም። ቁስል የሚያመረቅዘው፣ ትኩሳት የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከቀናት በኋላ ነው። እንግዶቹ ቅዳሜ ቢበሩ፣ ማክሰኞ ሌሊት በቃሬዛ የሚመጣውን ሰው የሚቀበለው የወረዳው ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም ነው። ምን እንደተደረገለት፣ የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠው የሚገልጽ ጽሑፍ ካርዱ ውስጥ ካላገኘ በግምት ያክማል። ሰውየው ቢሞት ደግሞ ስሙ በአካባቢው የሚነሳው የዚያ ተረኛ ሐኪም እንጂ የእንግዳው አይሆንም።

ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ቀላል በሚመስለው ሥራም ችግሩ ያው ነው። በድንኳን ሥር ደም ግፊታቸው ተለክቶ የአንድ ወር ክኒን ተሰጥቷቸው የሚሸኙ እናት በሁለተኛው ወር ምን ሊውጡ ነው? ደም ግፊት የዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋል። በሽታው እንዳለባቸው ከነገሯቸው በአቅራቢያቸው ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ማገናኘት የሕክምናው አካል ነው፤ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚሠራ አይደለም። በካርቶን የሚመጣው መድኃኒትም ደንብ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ መሠረት መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊቀረው ይገባል፤ ለሐኪሞች በናሙናነት የታደለ ወይም ከበሽተኛ የተመለሰ መድኃኒትም አይለገስም። ቤት ውስጥ የተረፈውን ጠራርጎ ማምጣት ደግነት የሚመስላቸው ዛሬም አሉ።

ይህን ስንል የውጭ በጎ ፈቃደኛ ይቅርብን ማለታችን አይደለም። የውጭ በጎ ፈቃደኛ እንደሚጠቅም ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ምስክር ናት። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የገቡት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ማስታወቂያ አይተው፣ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። ጥሪው የመጣው ከዚህ ነው፤ የሚሠሩትን የወሰነላቸው ሆስፒታሉ ነው። ሁለቱም በክርስትና እምነታቸው የጸኑ ሰዎች ነበሩ። ሲመጡ በተራዘመ ምጥ የሚመጣውን የወሊድ ፊስቱላ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበርና ከሌሎች ሐኪሞች ጽሑፍ መማር ነበረባቸው። ለጥቂት ዓመት ያሰቡት ቆይታ የዕድሜ ልክ ሆነ። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1974 ተከፈተ፤ ሬጂናልድ በ1993፣ ካትሪን ደግሞ በ2020 እስኪያርፉ ድረስ ከሥራው አልተለዩም።

በሃምሊኖች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከ60,000 በላይ ሴቶች መታከማቸው ነው። እኛ ግን ከዚያ ቁጥር ይልቅ ማሚቱ ጋሼን እናስቀድማለን። ፊደል ሳትቆጥር ከገጠር ለመታከም የመጣች ልጅ በዚያው ሆስፒታል አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል እያገዘች፣ በመጨረሻ ራሷ ፊስቱላ የምትጠግን ሆነች፤ ከውጭ የመጡ ሐኪሞችንም አስተማረች። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅም የገጠር ሴት ልጆችን አሠልጥኖ ወደመጡበት አካባቢ ይመልሳል። ፊስቱላ ከመከሰቱ በፊት የሚገታው እንዲህ ነው። በወላይታ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም ተመሳሳይ መንገድ እናያለን። የመላ አፍሪካ ክርስቲያን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች አካዳሚ ወጣት ሐኪሞችን እዚያው በሥራ ላይ ለዓመታት ያሠለጥናል። ለአጭር ጊዜ የሚመጡ ባለሙያዎች እንዲህ ባለ ቦታ ይጠቅማሉ፤ የሚያስተምሩት ሰው ከእነሱ በኋላ እዚያው ስለሚቆይ።

ተቃራኒውን በኡጋንዳዋ ጂንጃ አይተናል። የሕክምና ትምህርት የሌላት አንዲት አሜሪካዊት ወጣት በእምነቷ ተነሳስታ ለተጎሳቆሉ ሕፃናት የመመገቢያ ማዕከል ከፈተች። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 ከተቀበለቻቸው 940 ሕፃናት 105ቱ ሞቱ፤ መንግሥትም ማዕከሉን ዘጋው። ሁለት እናቶች ያቀረቡት ክስ በ2020 ጥፋተኝነት ሳይታመን በስምምነት ተቋጨ። ብዙዎቹ ሕፃናት ሲመጡም በጠና የታመሙ እንደነበሩ መካድ አይቻልም፤ በሠለጠነ እጅ ስንቱ ይተርፍ እንደነበር ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም። ሆኖም ፈቃድ የሌለው ሰው በአገሩ በሽተኛ እንዳይነካ የሚከለክለው ሕግ አፍሪካ ሲደርስ የሚላላበት ምክንያት የለም። በአገሩ ስፌት የማይፈቀድለት የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ እዚህ መጥቶ ልምምድ ማድረግ የለበትም።

ክርስቲያኖቹ ራሳቸው የሚጠቅሱት የደጉ ሳምራዊ ታሪክም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ሳምራዊው መንገድ ላይ ያገኘውን የቆሰለ ሰው ዘይት አፍስሶ፣ ቁስሉን አስሮ መንገዱን አልቀጠለም። ሰውየውን ማረፊያ ቤት ወስዶ ለጠባቂው አደራ ሰጠ፣ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ ተጨማሪ ወጪ ካለም ስመለስ እከፍላለሁ አለ። የዛሬዎቹ ቡድኖች ዘይቱንና ፋሻውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጠባቂውን ግን ብዙዎቹ አያዩትም።

ስለ ስብከትም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። እምነት ለመልካም ሥራ ያነሳሳ እንደሆነ እሰየው። ሆኖም ለሕክምና ተሰልፎ የቆመ የታመመ ሰው፣ ኦርቶዶክስም ይሁን ሙስሊም፣ «እንጸልይልህ?» ሲባል እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ወረፋው እንዳያመልጠው ይፈራልና። ስለዚህ ጸሎቱ ከሕክምናው ሰልፍ ውጭ ይሁን። ያለ ፈቃድ የተነሳ የሕፃን ፎቶ በፌስቡክ መለጠፉም እንዲሁ ይቁም።

የዚህ ጋዜጣ አቋም የማያሻማ ነው። የጤና ቢሮዎች የሙያ ፈቃዱን ብቻ አይተው ማለፋቸው አይበቃም፤ ተቀባዩ ሆስፒታል በጽሑፍ ያልጠራውን ቡድን መመለስ አለባቸው። ቡድኑ ከሄደ በኋላ ለሚመጣ ጣጣ የሚውል ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ይመደብ፤ ተጠሪ የአገር ውስጥ ሐኪምም በስም ይታወቅ። እያንዳንዱ የታከመ ሰው የሆስፒታሉ ካርድ ይኑረው። ቡድኑ በየዓመቱ ቦታ እየቀያየረ ከሚዞር ወደ አንድ ሆስፒታል ይመላለስ። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቋንቋውንም አሠራሩንም ስለሚያውቁ ከሌላው የበለጠ ይጠበቅባቸዋል እንጂ «የአገር ልጅ ነን» ብለው ደንቡን ሊያልፉት አይገባም።

የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆችም እንግዳ ማስቀየም ነውር እየመሰላቸው የማያስፈልጋቸውን ቡድን መቀበል ይተዉ። «ዘንድሮ ሰው አትላኩልን፤ ለትኬት ያሰባችሁትን ለሁለት ነርሶች ሥልጠና አድርጉልን» የሚል ደብዳቤ መጻፍ መብታቸው ነው። ደብዳቤው የደረሳት ቤተ ክርስቲያንም ለተጓዦቹ ብቻ ሳይሆን መዋጮውን ለሰጠው ምእመን ጭምር ታንብበው።