ራዲዮ ነው ወይስ ነጋሪት?

ስለ ካምፓችን ራዲዮ ሰሞኑን የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። የሐሙስ ማታው የውይይት ሰዓት ይቅር፣ በምትኩ ማስታወቂያ ይጨመር የሚሉ ወገኖች ተነሥተዋል። ምክንያታቸው ሦስት ነው፤ ስደተኛ የሚያሻው ራሽንና ውኃ እንጂ ሥነ ጥበብና ፍልስፍና አይደለም፤ ሃይማኖት ሲነሣ ጠብ ይነሣል፤ ስለ ፍትሕ ሲወራ የሚያስተዳድሩን ይቀየማሉ። ይህን በዝምታ ልናልፈው አንችልም።

ማስታወቂያን አንጠላም። የክትባት ቀን፣ የጠፋ ልጅ፣ የራሽን ተራ ይነገር። ነገር ግን በአገራችን ነጋሪት ሲጎሰም የሰሚው ድርሻ ምን ነበር? መስማትና ላልሰማ ማሰማት ብቻ! «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ብሬሽት እ.ኤ.አ. በ1932 የተከራከረው ይህንኑ ነው፤ ራዲዮ ማከፋፈያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ አድማጭም የሚናገርበት መገናኛ ይሁን አለ።

የተራበ ሰው ፍልስፍና አይሻም ለሚሉን መልሳችን የቦሊቪያ የማዕድን ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጣቢያዎቻቸውን ያቆሙት ጠግበው አልነበረም፤ ከዚያችው ከማትበቃ ደመወዛቸው እያዋጡ ነው። በአገራችንስ ፊደል ያልቆጠረው አድማጭ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በራዲዮ አይደለምን? በዘርአ ያዕቆብ ስም የሚታወቀውን ሐተታ የጻፈው የ17ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ የ19ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊ ቄስ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ? ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። በዚህ ላይ የሁለቱን ወገን ማስረጃ መመዘን የለመደ ጆሮ፣ ነገ በውኃ ሰልፍ ላይ የሚናፈሰውንም ወሬ ይመዝናል። ቅንጦት የሚባለው ይህ ነው?

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ይሉናል። እውነት ነው፤ ጉርሻም አይገባም! ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው በአንድ ቧንቧ ይቀዳል፤ ስለ ጾምና ስለ ሐዘን ሥርዓታችን በግልጽ ካልተነጋገርን በየድንኳኑ መተማማታችን አይቀርም። የሩዋንዳውን ራዲዮ ሚል ኮሊን የሚጠቅሱብን አሉ። ጥሩ፣ እንጠቀስ። ያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1993 ተከፍቶ በ1994 የሰዎችን ስምና መሸሸጊያ እየጠራ አስገደለ፤ መሪዎቹንም የአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ጨዋታና ሙዚቃ ነበረው፤ ጠላት እየተባለ ስሙ ለሚጠራው ሰው ግን የመልስ ተራ አልነበረውም። የዚያ ጥፋት ትምህርቱ ስሙ የተነሣ ሁሉ መልስ ይስጥ የሚል ነው እንጂ አፍ ይዘጋ የሚል አይደለም።

የሚያስተዳድሩን ይቀየማሉ ለሚሉትም አንድ ታሪክ እናስታውሳቸው። በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ የቤተ ክርስቲያን ጣቢያ ሆኖ ሳለ ከስብከት የሚበልጠውን ጊዜ ለትምህርትና ለመረጃ ይሰጥ ነበር። በ1977 ደርግ ወረሰው፤ ስሙም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ማሠራጫው ያው ማሠራጫ፣ ምሰሶውም ያው ምሰሶ ነበር፤ በጣቢያው ላይ ለሚነገረው ግን «አይደለም» ብሎ መመለስ ቀረ። ያን ዓይነት ዝምታ ከአገር ያሰደደን ሳያንስ፣ እዚህ ማንም ሳያስገድደን ለራሳችን እናውጀው? የራሽን ሚዛን ጎደለ የሚል ካለ በአደባባይ ይናገር፤ መዛኙም በአደባባይ ይመልስ። ይህ ከሹክሹክታ ለሁለቱም ይበጃል።

ስለዚህ ለራዲዮው ኮሚቴ የምንለው ይህ ነው፦

አንደኛ፣ የሐሙሱ ሰዓት ባለበት ይጽና።

ሁለተኛ፣ ማይክሮፎኑ የእኛ የመምህራን ርስት አይሁን፤ ሴቶች፣ ሶማልኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን፣ አዛውንቶች ተራ ያግኙ።

ሦስተኛ፣ የተወቀሰ ሁሉ በዚያው ምሽት መልስ ይስጥ።

አንባቢ ሆይ! ይህን ጽሑፍ ካነበብህ በኋላ ለጎረቤትህ አሳልፍ፤ የማትስማማበት ካለም በሚቀጥለው እትም ጻፍብን። እኛም እንመልሳለን።