አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት ከማዋጣታችን በፊት

ርዕሰ አንቀጽ



እንደሚታወቀው ሁሉ የአባላት መዝገብ፣ የወር መዋጮ ሒሳብ፣ የጥበቃ ሠራተኞች ደመወዝና የለቅሶ ክፍያ ዝርዝር በጽሕፈት ቤታችን በሚገኘው አንድ ኮምፒዩተር ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። ይህ ኮምፒዩተር ካለፈው ዓመት ወዲህ እጅግ ዘገምተኛ ሆኗል። ጠዋት ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ቡና ተቆልቶ ይፈላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመዋጮው መዝገብና የደብዳቤ መጻፊያው አንድ ላይ ሲከፈቱ ደግሞ ቀጥ ይላል፤ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ለመክፈል የመጡ እናቶችና አባቶች በር ላይ ቆመው «ዛሬም ማሽኑ ተኛ እንዴ?» እያሉ መጠየቅ ልማድ ሆኗል።

በዚህ ምክንያት ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ቀርቧል። ይኸውም እያንዳንዱ አባል ከወር መዋጮው ሌላ ልዩ መዋጮ ከፍሎ አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛ የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት አባላት ለማኅበሩ አስበው ስለሆነ ሊመሰገኑ ይገባል። እኛ ግን የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ከአዲሱ በፊት የአሮጌው ራም ይታይ።

ይህን የምንለው ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ ብለን አይደለም። ከአባሎቻችን መካከል በጡረታ አበል የሚተዳደሩ አሉ፤ ጉሊት ቸርችረው ልጅ የሚያሳድጉ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደወጣ ሁሉም በየቤቱ ያውቀዋል። ልዩ መዋጮ ሲጣል አንዳንዱ ቤት ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል፤ አንዳንዱ ቤት ግን ከመሶቡ ቀንሶ ነው የሚከፍለው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ርካሹ መፍትሔ ተሞክሮ መታየት አለበት።

በሌላ በኩል ዝም ብለን እንቆይም አይባልም። ባለፈው ክረምት አንድ ቤት ድንኳን ተተክሎ፣ ለቀስተኛ ተቀምጦ ሳለ፣ ኮምፒዩተሩ መዝገቡን አልከፍት ብሎ ክፍያው ሊዘገይ ነበር። ገንዘብ ያዣችን የወረቀቱን ባሕር መዝገብ አውጥተው ስማቸውን ስላገኙ ነው ገንዘቡ በሰዓቱ የደረሰው። ሐዘንተኛ ቤት «ማሽኑ እስኪነሣ ጠብቁ» አይባልም። ስለዚህ ነገሩ መፍትሔ ይፈልጋል፤ ጥያቄው የትኛው መፍትሔ ነው የሚለው ነው።

ራም ማለት ምን ማለት ነው?

ሃርድ ዲስክ የጽሕፈት ቤቱ ቁም ሣጥን ነው እንበል፤ ፋይሉ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ራም ደግሞ የምንጽፍበት ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንዱን ፋይል ለመዘርጋት ሌላውን አንሥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ መመለስ ግድ ይሆናል። ጸሐፊው ቀኑን ሙሉ ሲነሣና ሲቀመጥ ይውላል፤ ሥራው ግን አይገፋም። የእኛ ኮምፒዩተር የሚያደርገው ልክ ይህንኑ ነው።

በሠፈራችን ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ወጣት አባላችን መጥቶ አይቶልናል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫን የኮምፒዩተሩን የሥራ ጫና የሚያሳይ መስኮት ይከፈታል። ሁሉንም መዝገቦች ከፍተን ስናየው ራሙ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሃርድ ዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ይላል። ራሙ ሳይሞላ ኮምፒዩተሩ ቢዘገይ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ ሃርድ ዲስኩ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ቫይረስ። ራም መጨመር የሚጠቅመው የጎደለው ራም ሲሆን ነው። የእኛ ችግር ራም መሆኑ በዚህ ታውቋል።

የትኛው ራም ነው የሚሆነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ራም ስጠኝ» ብሎ ሱቅ መግባት «ጫማ ስጠኝ» ብሎ ቁጥሩን አለመናገር ማለት ነው። የራም ዓይነት በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ ዲዲአር፣ ዲዲአር2፣ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4፣ ዲዲአር5 እየተባለ እዚህ ደርሷል። አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ዲዲአር2 የሚሠራው በ1.8 ቮልት ነው፤ መደበኛው ዲዲአር3 በ1.5፣ ዲዲአር4 በ1.2 ቮልት ነው።

አሳሳቹ ነገር ደግሞ መልካቸው መመሳሰሉ ነው። የዴስክቶፕ ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 ርዝመታቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም 240 የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርሶች አሏቸው። የሚለያቸው በጥርሶቹ መካከል ያለችው ቁርጥ ናት፤ የቁርጧ ቦታ ይለያያል። ቁርጧ አልገጥም ስትል በጉልበት የሚጫን ሰው ማዘርቦርዱን ሰብሮ ያርፋል። አልገባም ካለ የእሱ አይደለም፤ በቃ።

የእኛ ኮምፒዩተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 755 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የወጣ ሞዴል ነው። የሚቀበለው ዲዲአር2 ብቻ ነው። 4 ማስገቢያዎች አሉት፤ ሁለቱ ላይ 1፣ 1 ጊጋ ባይት ተሰክቶ በድምሩ 2 ጊጋ ባይት አለው። የቀሩት ሁለቱ ባዶ ናቸው። ማሽኑ እስከ 8 ጊጋ ባይት መያዝ ይችላል።

ታዲያ 8 እንግዛለት? አይደለም። የጫንንበት ዊንዶውስ 7 ባለ 32 ቢት ነው። ባለ 32 ቢት የሆነው ዊንዶውስ 7 ከ4 ጊጋ ባይት በላይ ራም አይጠቀምም፤ ከዚያም ላይ ለስክሪኑና ለሌሎች ክፍሎች የሚያዝ ስላለ ለሥራ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 3 ተኩል ነው። 8 ብንገዛ ግማሹ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ስለሆነም የሚያስፈልገን ባዶዎቹ ማስገቢያዎች ላይ የሚገቡ ሁለት ባለ 1 ጊጋ ባይት ራሞች ናቸው። ይኸው ነው። ለዚህ ልዩ መዋጮ አያስፈልግም፤ ከጽሕፈት መሣሪያ በጀታችን የሚሸፈን ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቡ

በየራሙ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አለች። ጽሑፏ እንደ ሐኪም ማዘዣ ነው፤ ማንበብ ለሚያውቅ ሁሉን ትናገራለች። ፒሲ2 የሚል ካለ ዲዲአር2 ነው፤ ፒሲ3 ካለ ዲዲአር3 ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ፍጥነቱ ነው፤ 5300 ማለት ባለ 667፣ 6400 ማለት ባለ 800 ነው። ሁለቱ ቢቀላቀሉ ሁሉም በዝቅተኛው ፍጥነት ይሠራሉ እንጂ ጉዳት የለውም። ከቁጥሩ በኋላ ያለችው ፊደል ግን ወሳኝ ናት። ዩ የምትባለው ፊደል ካለች ለተራ ዴስክቶፕ የሚሆን ነው። ኤስ ካለች የላፕቶፕ ነው፤ እሱ አጭር ስለሆነ በዓይንም ይለያል። አር ወይም ኤፍ ካለች የሰርቨር ነው፤ ለእኛ አይሆንም።

ይህን በዝርዝር የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘብ ያዣችን ዋጋ ለመጠየቅ መርካቶ በሄዱ ጊዜ አንድ ባለ ሱቅ ዲዲአር3 አውጥቶ «ይገባል እናቴ፣ ውሰዱት፣ ይሄ እንዲያውም የተሻለ ነው» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን የሞዴሉንና የራሙን ዓይነት በወረቀት ጽፈው ይዘው ስለነበር «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ፒሲ2 ነው፤ የአንተ ፒሲ3 ይላል» ብለው መልሰውለታል። ሻጩም ሣቅ ብሎ ዕቃውን ወደ መደርደሪያው መለሰ። አንድ ሌላ አባላችን ደግሞ ለልጃቸው ኮምፒዩተር ከሌላ ሱቅ የገዙት ራም በትክክል ገብቶ ኮምፒዩተሩ ግን አልነሣ አለ። ኋላ ሲታይ የሰርቨር ራም ሆኖ ተገኘ። ገንዘባቸውም አልተመለሰላቸውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩም ሆነ ለየቤታችሁ ስትገዙ የሚከተለውን እንድታስተውሉ እናሳስባለን።

1ኛ. የኮምፒዩተሩን ሞዴል፣ የራሙን ዓይነት፣ የባዶ ማስገቢያዎቹን ብዛትና የዊንዶውሱን ቢት በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። የሚቻል ከሆነ ያለውን ራም ነቅላችሁ ለናሙና ያዙት።

2ኛ. ካልሠራ የሚመለስበትን ቀን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። በቃል የተባለ ነገር ሱቁ በር ላይ ይቀራል።

3ኛ. ኮምፒዩተሩ ከመከፈቱ በፊት መዝገቡ በፍላሽ ይገልበጥ፤ በወረቀትም ይታተም።

4ኛ. የኤሌክትሪክ ገመዱ ከተነቀለ በኋላ ማብሪያው አንድ ጊዜ ይጫን፤ የኮምፒዩተሩ የብረት አካል በእጅ ይነካ። በሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ለእኛ አይሰማንም እንጂ ራም ያቃጥላል።

5ኛ. ሁለቱ አዳዲስ ራሞች እኩል መጠን ይኑራቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ይፈጥናሉ።

6ኛ. በዴል ኮምፒዩተሮች ላይ ራም ከተጨመረ በኋላ የራሙ መጠን ተለውጧል የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ብልሽት አይደለም፤ አትደንግጡ። ከዚያም ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የራም መመርመሪያ ይፈተሽ።

አሮጌ ራም የት ይገኛል?

ዛሬ ሱቆች በብዛት የሚይዙት አዳዲሶቹን ዓይነቶች ነው። ዲዲአር2 የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከተበላሹ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ተነቅሎ ነው። እዚህ ላይ ነው የእናንተ ትብብር የሚያስፈልገው። በየቤታችን ቆጥ ላይ፣ አልጋ ሥር፣ በዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ የማይሠራ ኮምፒዩተር አይጠፋም። ኮምፒዩተሩ ቢሞትም ራሙ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ለአንዱ ቁራሌው የሚወስደው ብረት ነው፤ ለማኅበሩ ግን የመዝገቡ መድኅን ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ በመካከላችን ያለውን ሳንፈትሽ ወደ ገበያ መሮጥ ተገቢ አይመስለንም።

እንግዲህ እውነቱን ለመናገር ራም መጨመር ኮምፒዩተሩን አዲስ አያደርገውም። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ አይወጣለትም። ስለዚህ የማኅበሩ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር እንዳይገናኝ፣ የየሰዉ ፍላሽም እንዳይሰካበት ኮሚቴው ወስኗል። አንድ ቀን ይህ ማሽን ጨርሶ ማለፉ አይቀርም፤ ለዚያ ቀን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጥን ተዘጋጅተን እንጠብቀዋለን። ዛሬ ግን የጎደለው ሁለት ጣት የምታህል ወርድ ያላት ዕቃ ናት። ለእሷ ብሎ ከጡረተኛው ላይ ልዩ መዋጮ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

በመሆኑም ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የልዩ መዋጮው ውሳኔ ለሁለት ወር ይቆይ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ራሙ ተፈልጎ ይግባ። ኮምፒዩተሩ ከተሻለው መዋጮው ይቅር፤ ካልተሻለው ግን እኛው ራሳችን ቀድመን «እናዋጣ» እንላለን። ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

በቤታችሁ የማይሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር ያላችሁ አባላት እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ፣ ወይም ሌላ በሚመቻችሁ ሰዓት፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ብቅ በሉ። ተሸክማችሁ መምጣት ካቃታችሁ ንገሩን፤ ወጣቶቹ ቤታችሁ ድረስ መጥተው ያዩላችኋል። የማያስፈልገው ክፍል ሁሉ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ለሚወሰደውም ራም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይሰጣል።

የወረቀቱ ባሕር መዝገብም እንደ ወትሮው በየሳምንቱ ይጻፋል። ኮምፒዩተሩ ቢፈጥንም እንኳ እሱን አንተወውም።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው