በእጅ የተሣለ ፖስት ካርድ

ከመጻሕፍት መደብር የሚገዛው ፖስት ካርድ መልካም ነገር ነው፤ ነቀፌታ የለኝም። ላሊበላም በላዩ አለ፤ የጎንደር ግንብም አለ፤ ጢስ ዓባይም አለ። ነገር ግን ያንኑ ካርድ እናንተ ለእናታችሁ፣ ሌላው ለአለቃው፣ ሦስተኛውም አይቶት ለማያውቀው የብዕር ጓደኛው ሊልከው ይችላል። ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚልከው ካርድ፣ ይኸውም ራሳችሁ በውኃ ቀለም ሥላችሁ፣ ቴምብር ለጥፋችሁ ለፖስታ ቤት ስለምትሰጡት ነው።

«እኔ ሥዕል አልችልም» የሚል ድምፅ ከወዲሁ ይሰማኛል፤ ተማሪዎቼም ዘወትር የሚሉኝ ይህንኑ ነው። እስቲ ወደ ልጅነታችሁ መለስ በሉ። መስከረም 1 ቀን ማለዳ ሴቶች ልጆች ለምለም ሣርና አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ ደግሞ አበባና መልአክ የሣሉበትን ወረቀት ታቅፈው በየዘመዱ ቤት እንቍጣጣሽ ይሉ አልነበረምን? የመልአኩ አንድ ክንፍ ከሌላው ቢረዝም ማን «መልሰህ ውሰደው» አለ? ዘመድ ሁሉ ሳንቲሙን ሰጠ፤ ሥዕሉንም ከግድግዳው ላይ ለጠፈው። እንግዲህ ዛሬ ዘመዱ ሩቅ አገር ስለ ሆነ በእግር ፈንታ ፖስታ ቤት ይሂድላችሁ ማለቴ ነው።

ነገሩም አዲስ ፈሊጥ አይደለም። እስከ ዛሬ ከታወቁት ሥዕላዊ ፖስት ካርዶች ሁሉ የመጀመሪያው በእጅ የተሣለ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. ቴዎዶር ሁክ ለተባለ እንግሊዛዊ ቀልደኛ ደራሲ፣ ለንደን ፉልሃም በሚገኘው ቤቱ ደረሰው፤ የላከውም ራሱ ሳይሆን እንዳልቀረ ይገመታል። ሥዕሉ የፖስታ ቤት ጸሐፊዎች አንድ ግዙፍ የቀለም ዕቃ ከበው ተቀምጠው ያሳያል። ይኸው ቀልድ በ2002 ለጨረታ ወጥቶ 31,750 ፓውንድ ተሸጠ። መንግሥት ያወጣው ካርድ በኦስትሪያ የታየው በ1869፣ ማለት ከ29 ዓመት በኋላ ነው።

እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ የጀርመናዊው ሠዓሊ የፍራንስ ማርክ ታሪክ ነው። ይህ ሰው በርሊን ለምትኖረው ባለቅኔ ወዳጁ ለኤልዘ ላስከር ሹለር በእጁ የሣላቸውን ብዙ ካርዶች በፖስታ ልኮላታል። ለ1913 አዲስ ዓመት የላከላት ካርድ ሰማያዊ ፈረሶች እንደ ግንብ ተደራርበው የሚታዩበት ነው። በኋላም ያንኑ አሳብ 2 ሜትር በሚሆን ሸራ ላይ ሣለው። ሠዓሊው በ1916 ቬርደን ላይ በጦርነት ሞተ፤ ትልቁንም ሥዕል ናዚዎች ከሙዚየም ወሰዱት፤ ከ1945 ጀምሮ የደረሰበት አልታወቀም። መዳፍ የምታህለው ካርድ ግን ዛሬም በሙኒክ አለች።

ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት ወረቀት ነው። የደብተር ወረቀት ውኃ ሲነካው ይጨማደዳል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውኃ ቀለም ወረቀት ብታገኙ አያሳፍራችሁም። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ ኤ4 ወረቀት አንድ ጊዜ በቁመት፣ አንድ ጊዜ በወርድ እኩል ሲቈረጥ አራት ካርድ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱም 105 በ148 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የገባችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት ለካርድ የወሰነው ትንሹ መጠን 90 በ140 ሚሊ ሜትር ነውና ከዚያ አታሳንሱት።

ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ይበቃችኋል። ኻያ አራት ቀለም ያለበት ሣጥን ለጀማሪ መዘናጊያ ነው፤ ይህን በማለቴ ሻጮች አይወዱኝም። ጫፉ የሚሾል አንድ ብሩሽ፣ ሁለት ብርጭቆ ውኃ፣ አንዱ ለማጠቢያ፣ ሌላው ለንጹሑ። በውኃ ቀለም ሥራ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ። የሻማ ቍራጭ ብታሹበት ቀለሙ ይሸሸዋል፤ ለነጠላና ለደመና እጅግ ያምራል። ከፈዛዛው ጀምራችሁ ወደ ጠቈረው ሂዱ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ብትደርቡ ይቀላቀላል፤ ይህ ለሰማይ መልካም ነው፤ ለቤት ጣሪያ ግን ጥፋት ነው። ቀለሙ ሲደርቅ እንደሚፈዝም አትርሱ። ካርዱ ቢጣመም በሚገባ ከደረቀ በኋላ በከባድ መዝገብ ሥር አሳድሩት፤ መዝገብ እንደ ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል።

ምን ይሣል? አንበሳውንና ግንቡን ለታተሙት ተዉላቸው። አንድ የማውቀው ወጣት የሒሳብ ጸሐፊ ከትውልድ አገሩ እጅግ ርቆ ተመድቧል። እናቱ ፊደል አልቈጠሩም። ሲደውል በጎረቤት ስልክ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማል፤ እርሱም «ደኅና ነኝ፤ ምንም አልጐደለብኝም» ይላል፤ ሌላ ምን ይበል? ባለፈው ዓመት የተከራየውን ክፍል ሥሎ ላከላቸው፤ አልጋው፣ መስኮቱ፣ በምስማር የተሰቀለው ኮቱ፣ ጠረጴዛው፣ በጠረጴዛውም ላይ አንድ ሲኒ። ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ ያነብላቸው ነበር፤ ይህን ግን ለብቻቸው፣ ደጁን ዘግተው አዩት። በሚቀጥለው እሑድ ስልኩን ሲይዙ ከሰላምታው አስቀድመው «ሲኒው ስለ ምን አንድ ብቻ ሆነ?» ብለው ጠየቁት። በእኛ አገር ቡና ለብቻ መጠጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ አላስረዳም። እንደ ነገረኝ ከሆነ በዚያ ቀን ሰው መስማቱን ረስቶ ብዙ አወራ።

እንግዲህ ክፍላችሁን፣ ምሳ የምትበሉበትን ቦታ፣ ከመሥሪያ ቤታችሁ መስኮት የሚታየውን ዛፍ ሣሉ።

ስለ መላኩ ጥቂት ልበል። የውኃ ቀለም ማያያዣው ከግራር የሚገኝ ሙጫ ነው፤ ይህም ሙጫ ውኃ ባገኘው ቍጥር እንደገና ይሟሟል። ለእንቍጣጣሽ በነሐሴ የምትልኩትን በፖስታ ውስጥ ክተቱት፤ በበጋ ግን ራቁቱን ቢሄድ ይሻላል። ጀርባውን በቀጭን መሥመር ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ ሰላምታው፣ በቀኝ አድራሻው ይሁን። አድራሻውን ዝናብ እንዳያጠፋው በእስክሪብቶ ጻፉ። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ነውና ቍጥሩን አጣሩ፤ ሣጥን ለሌለው ሰው በዘመድ መሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ሣጥን በኩል ይላካል። ብዙ ዓይን ስለሚያየው ምሥጢር አትጻፉበት።

ቴምብሩን ከለጠፋችሁ በኋላ የፖስታ ቤቱን ሠራተኛ ማኅተሙን አጥርቶ እንዲመታላችሁ በትሕትና ለምኑት። እኔ የማውቀው አንዱ ካርዱን ገልብጦ ሥዕሉን ሳያይ ማኅተም አያነሣም፤ ሰልፉ ቢረዝምም አይቸኵልም።