ፎካሪው የማንም ፍርደኛ አይደለም

የአድዋን ፎካሪ ከሮም ግላዲያተር ጋር ያመሳሰለውን ጽሑፍ አነበብነው። ግላዲያተር ሁሉ ከፍልሚያ በፊት፣ ልሞት ነው ብሎ ለቄሳር እጅ ይነሣ ነበር ይለናል። ከየት አመጣው? ይህ ሰላምታ ተመዝግቦ የምናገኘው ስለ አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ52፣ ፉቺኖ ሐይቅ ላይ። ተናጋሪዎቹም በመርከብ እንዲዋጉ የተፈረደባቸው እስረኞች እንጂ ግላዲያተሮች አልነበሩም። ሮማዊው ጸሐፊ ስዌቶኒየስ እንደሚተርከው፣ ቄሳሩ ቀላውዴዎስ ላትሞቱም ትችላላችሁ የሚል ዓይነት መልስ ጣል ቢያደርግ፣ እስረኞቹ ምሕረት አገኘን ብለው አንዋጋም አሉ። ቄሳር ሆዬ እያነከሰ በሐይቁ ዳር ይሮጥ ጀመር፤ አንዴ ሲያስፈራራ፣ አንዴ ሲያባብል! ሰላምታውን የግላዲያተሮች አድርጎ ያስለመደው ይልቅ የፈረንሳዊው ሠዓሊ ዤሮም የ1859 ሥዕል ነው። ሲኒማው ተቀበለው።

ጸሐፊያችን ፎካሪውን ማየት ከፈለገ በአድዋ ድል በዓል፣ የካቲት 23 ቀን፣ ከእሪ በከንቱ ዳገቱን ወጥቶ ምኒልክ አደባባይ ይቁም። ጎፈር የደፋው አዛውንት ጦሩን እየሰበቀ «ዘራፍ!» ሲል የሚጠራው አባትና አያቱን ነው። የጥንቱ ፎካሪማ ከዘመቻ ሲመለስ ግዳዩን በንጉሡ ፊት ጥሎ ሹመት ሽልማቱን ይጠብቅ ነበር። ሙት ሹመት ይጠብቃል እንዴ?