ገንዳው ሁሉን አይቀበልም

በእንግሊዝ አገር ቤቱን የሚያድስ ሰው ከአንድ ኩባንያ ትልቅ የብረት ገንዳ ይከራያል። ገንዳው በካሚዮን ተጭኖ መጥቶ ከደጁ ይቀመጣል፤ ሲሞላም ካሚዮኑ ተመልሶ ይወስደዋል። ነገር ግን ገንዳው የሚመጣው ከነሕጉ ነው። አስቤስቶስ አይጣልበትም፤ የመኪና ጎማ፣ ባትሪ፣ ማቀዝቀዣ፣ የጋዝ ሲሊንደርና ያልደረቀ ቀለም አይጣልበትም። ከአፉ በላይ መከመርም ክልክል ነው። ገንዘቡን ከፍሎ የተከራየ ሰው እንኳ እንደ ልቡ መጣል አይችልም ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ገንዳውን በየሰፈሩ የሚያቆመው ማዘጋጃ ቤት ነው። ይህን ጣል፣ ያን አትጣል የሚል ባለገንዳ ከጎኑ ስለማይቆም፣ ብዙ ሰው ገንዳን እንደ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆጥረዋል፤ የጣለበት ነገር ሁሉ የጠፋ ይመስለዋል። አይጠፋም። ከየቤቱ የሚሰበስቡት ሴቶችና ወጣቶች በእጃቸው ያነሡታል፤ ፕላስቲክ የሚፈልግ ልጅ እጁን እስከ ክርኑ ያገባበታል፤ በሚራገፍበት ሥፍራም ሌላ እጅ ይጠብቀዋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የሚጣለውን ከማይጣለው ለመለየት መጠየቅ ያለበት፣ ከእኔ ቀጥሎ ይህን ዕቃ የሚነካው ማን ነው? ተብሎ ነው።

መርፌን አስቀድማለሁ። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን የተወጋበትን መርፌ በስስ ፌስታል ቋጥሮ ቢጥለው፣ ፌስታሉን የምታነሣው ሴት እጇን ትወጋለች። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ እንደሚችል የታወቀ ነው። ስለዚህ መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ተጠራቅሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል እንጂ ወደ ገንዳ አይሄድም። የተሰበረ ብርጭቆ ግን በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በካርቶን ተከትቶ፣ ለሰብሳቢዋም «ስለት አለበት» ተብሎ ተነግሮ ሊሰጥ ይችላል። ይህን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ከቡና በኋላ ከምድጃው የተጠረገው አመድም ያታልላል። ላዩ ነጭ ሆኖ የሞተ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ፍም ግን ለሰዓታት ይቆያል። ወረቀትና ፌስታል በሞላበት ገንዳ ሲደፋ እሳት ይነሣል። ውሃ ይፈስበት፣ አድሮም ይጣል። የስልክ ባትሪ ደግሞ ተጨፍልቆ ሲቀደድ ራሱ ይቀጣጠላል።

ወደ መሥሪያ ቤት ስንገባ፣ ረዥሙ የፍሎረሰንት መብራት ሲቃጠል ተላላኪው ሰባብሮ ገንዳ ውስጥ እንዲከተው ይታዘዛል። ሰባብሮ የተባለው ቦታ እንዲቆጥብ ነው! በመብራቱ ውስጥ ግን ጥቂት ሚሊግራም ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ አለ፤ ሲሰበር በአየር ውስጥ ይተንና ተላላኪው ይተነፍሰዋል። ሳይሰበር፣ አዲሱ በመጣበት ካርቶን ተከትቶ ንብረት ክፍል ይቀመጥ። አሮጌ ፋይልም ቢሆን በጅምላ ወደ ገንዳ የሚወረወር ነገር አይደለም። ዜጋው በስንት ደጅ ጥናት ያስገባው ማመልከቻ ስሙና ፊርማው እየታየ በርበሬ ሲጠቀለልበት ማየት ለማን ደስ ይለዋል?

አፈርና ፍርስራሽ መርዝ የለውም፤ ክብደቱ ግን ሌላ ነው። ስምንት ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ በአፈር ቢሞላ ወደ 12 ቶን ይጠጋል፤ የቤት ጥራጊ ሊያነሣ የመጣው ካሚዮን ይህን ከየት ይችለዋል? ግንብ የሚያፈርስ ሰው ለብቻው መኪና ይያዝ።

ከሚጣለው መካከል ደግሞ መጣል የማይገባው ብዙ ነው። ቁራሌው በየመንደሩ የሚጮኸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠርሙሱንም ቆርቆሮውንም ይገዛል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ ጫማ ሲሆን አይቷል። አሮጌ የመኪና ባትሪም ገዢ አያጣም፤ ሆኖም በግቢ ውስጥ ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ የልጆችን አእምሮ ይጎዳልና ሳይከፈት ይሸጥ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ የቤት ኀላፊ እንደገና ለሥራ የሚውለውን ቆሻሻ ለብቻው እንዲለይ ማዘዙን የሚያስታውስ ስንት ነው?

የቀረው በአብዛኛው የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድና የእንጀራ ትራፊ ነው። ይህ በገንዳ ቢጣል ነውር የለበትም፤ ግቢ ላለው ግን በጉድጓድ ተቀብሮ ለጓሮ ማዳበሪያ ይሆናል። በገንዳ ሄዶ በብዛት ሲከመር አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ የሚነድ ጋዝም ይወጣዋል። ክምሩ ራሱ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በረጲ ታይቷል። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ የተራገፈበት፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው ተራራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ከሥሩ በተሠሩ ጎጆዎች የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ቤት ለመልቀቅ ዕቃውን የሚያስተካክል አንባቢ ካለ፣ ቁራሌውን ከሁለት ቀን በፊት ይጥራው፤ መርፌውን ለጤና ጣቢያ፣ መጽሐፉን ለጎረቤት ተማሪ ይስጥ። ለገንዳው የሚተርፈው ከአንድ ማዳበሪያ ከረጢት አይበልጥም።